ብርሃንን በአቡነ ዘበሰማያት የሚለካው ሳጥን

ብርሃንን ከጨለማ የለየ፣ የለየውንም በየስሙ የጠራ፣ በአካል ሦስት በመለኮት አንድ የሆነ የእግዚአብሔር ስም ከቃሌ ሁሉ ይቅደም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው የጾመ ነቢያት መግቢያ ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሜጋ አምጥቶ፣ ነገሌ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ስላወረደው የእንጨት ሳጥን ነው። ጎረቤቶቼ ምንነቱን ሲጠይቁኝ «የድሮ ዕቃ ነው» ብዬ አሳለፍኋቸው። ልጄ በጠየቀኝ ጊዜ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አልተቻለኝም፤ ሳጥኑ የክርስትና አባቱ ሳጥን ነበርና።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከሳጥኑ አስቀድሞ ስለ ዕቃ ቤቱ መናገር ይገባኛል። በማገለግልበት ደብር ንዋየ ቅድሳቱ የሚጠበቅበት፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አንድ ጠባብ ቤት ነበር፤ መስኮቱ አንድ ብቻ፣ መዝጊያውም ቆርቆሮ። ከሰሜን ወደዚህ አገር ወርደው ያስተማሩኝ መምህሬ፣ የኔታ፣ ገና በጎልማሳነቴ የዚህ ዕቃ ቤት ጠባቂ እንድሆን አስመረጡኝ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አልባሳት ለማጠፍ ገብቼ፣ አቧራ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ የግቢው ጥድ ተዘቅዝቆ ቆሞ አየሁ። ቅጠሉ ይወዛወዛል። አንዲት ሴት በጀሪካን ውሃ አዝላ፣ እግሯን ወደ ሰማይ አድርጋ በግድግዳው ላይ አለፈች።

አማትቤ ሮጥሁ። የኔታ በዛፉ ጥላ ተቀምጠው ያነቡ ነበርና «ምን አሳደደህ?» አሉኝ። «የኔታ፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰይጣን አለ» አልኋቸው። ተነሥተው አብረውኝ ገቡ፤ ግድግዳውንም ጥቂት ተመለከቱ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄደው በቆርቆሮው ላይ ምስማር የበሳትን አንዲት ቀዳዳ በጣታቸው ደፈኑ። ዛፉ ጠፋ። ጣታቸውን አነሡ፤ ዛፉ ተመለሰ።

«ሰይጣን በጣት አይደፈንም» አሉና ሳቁ። «ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገደኛ ነው። በጠባብ በር ሲገባ ከላይ የመጣው ታች፣ ከታች የመጣው ላይ ያርፋል። ዛፉ አልተገለበጠም፤ መንገዱ ነው የተሻገረ።»

የኔታ ሁለት ነገር ትተውልኝ አረፉ። አንዱ በነሐስ የተከፈፈ ማጉያ መስተዋት ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ያለ እርሱ አያነቡም ነበር። «ፊደል ሲያንስብህ» ብለው በእጄ አኖሩት። ሁለተኛው የእኔ ሳይሆን የደብሩ ነው፤ ጠባቂው ግን እኔ ነበርሁ። ከአገራቸው በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት የብራና መጽሐፍ ነበር። ገበታው ዋንዛ፣ ጽሕፈቱ የቀደሙ አባቶች እጅ፣ ሥዕሉም ዓይን የማይጠግበው። የኔታ መጽሐፉን ለደብሩ ሲሰጡ አንድ ሥርዐት አኖሩ፦ ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን ጠባቂው፣ አንዱን አስተዳዳሪው ይያዝ፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድነት ሳይቆሙ በሩ አይከፈት።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነገሌ የተበተነ ወታደር ሞላባት። መለዮውን ሸጦ የሚበላ ነበረ፤ ወደ አገሩ በእግሩ የጀመረ ነበረ። ከእነዚያ አንዱ በደብራችን ደጀ ሰላም ወድቆ አገኘሁት፤ ወደ ቤቴ ወስጄም በጓዳዬ አስተኛሁት። ሲያገግም እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ሆኖ ተገኘ። የተሰበረ ወንበር አበጀልን፤ የባለቤቴን ሬዲዮ አናገረው። በሁለተኛው ወር ከአሬሮ በኩል የመጣ የጥድ ሳንቃ ገዝቶ ሳጥን መሥራት ጀመረ።

«ለምን የሚሆን ነው?» አልሁት።

«ለፎቶ፣ መሪጌታ።»

«ካሜራ በእጅ ይያዛል እንጂ በትከሻ ይሸከሙታል እንዴ?»

ሳቀ። «ይኼ የጥንቱ ነው። ፎቶ የሚባል ነገር ገና ልጅ ሳለ የፈለሰፉት ነው። ማንሻውም ማጠቢያ ቤቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ፊልም አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። በልጅነቴ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ጋ ስላላክ አይቼዋለሁ።»

በእርግጥም ድንቅ ነገር ነበር። ከጎኑ በተበሳው ቀዳዳ የወታደር ሱሪውን አንድ እግር ቆርጦ ሰፋበት፤ ብርሃን ሳያስገባ እጁን በዚያ ይሰድዳል። በውስጡ ሁለት ሳህን አኖረ፤ አንዱ ምስሉን የሚያወጣ፣ ሁለተኛው ምስሉን የሚያጸና መድኃኒት የሚሞላበት። በላዩ ከተሰበረ መኪና የኋላ መብራት የወሰደውን ቀይ ሽፋን ገጠመ፤ በእርሱ ወደ ውስጥ ያያል። «ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አያይም» አለኝ፤ «ለእርሱ ቀይ ጨለማ ነው።» ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አንጠለጠለ፤ ሲያነጣጥር ራሱን በዚያ ውስጥ ይሸሽጋል። ሁሉም ተሟላ፤ የጎደለው ዓይን ብቻ ነበር።

እኔም በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ያየሁትን የተዘቀዘቀ ጥድ አሰብሁ። ያ ጨለማ ቤት ትንሽ ሆኖ፣ እግር አውጥቶ በጓዳዬ የቆመ መሰለኝ። የየኔታን መስተዋት ከመጽሐፌ ማኅደር አውጥቼ በእጁ አኖርሁለት። ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው።

«ይህ መስተዋት ቅዱስ ቃል ሲነበብበት የኖረ ነው» አልሁት። «ሰው እንዳታታልልበት።»

«ካታለልሁበት ዓይኔን ያጥፋው» አለና የማተቡን መስቀል ተሳለመ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በረታ። በዚያ ዘመን መታወቂያ የማይጠየቅ ሰው አልነበረምና ከወደራም፣ ከአሬሮም የመጣው ሁሉ በገበያው ዳር በሳጥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። ሰዓት አልነበረውም። ወረቀቱ ብርሃን የሚጠጣበትን ጊዜ የሚለካው በጸሎት ነበር፤ ከእኔ የሰማውን አቡነ ዘበሰማያት። የመስተዋቱን ክዳን አንሥቶ ይጀምራል፤ ፀሐይ በበረታ ቀን «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ይከድናል፤ ዳመን ባለ ቀን «ትምጻእ መንግሥትከ» ድረስ ይሄዳል። ከዚያ አያልፍም። ሙስሊሙም፣ በዋቃ የሚያምነው ዋቄፈታም ትንፋሹን ይዞ ጸሎታችንን ያዳምጥ ነበር።

በመጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ኔጋቲቭ ይባላል፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር፣ ቀኙም ግራ ሆኖ ይታያል። ያንን ከመስተዋቱ ፊት በእንጨት ክንድ ላይ ሰቅሎ እንደገና ያነሣዋል፤ የተገለበጠው ሲገለበጥ ይቀናል። አንድ የቦረና ሽማግሌ የራሳቸውን ኔጋቲቭ ከውሃው ሲወጣ አይተው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኩን አና ሚቲ! ይኼ እኔ አይደለሁም!»

«ይታገሡ አባባ፣ ገና አልታጠቡም» አላቸው። ገበያው በሳቅ ፈነዳ፤ እርሳቸውም ሳቁ።

ልጄ ሲወለድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣው እርሱ ነው። ካህኑ የእርሱን የራሱን የክርስትና ስም ሲጠይቁት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ወታደር ቤት ይህን ስም ማንም አያውቀውም፤ ወላጆቹም ሞተዋል። ስሙን በዚህ ምድር የምናውቀው ልጄን ያጠመቁት ካህንና እኔ ብቻ ሆንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሱ «አበልጄ» አለኝ፤ እኔም «አበልጄ» አልሁት። በአገራችን ይህ ዝምድና ከሥጋ ዝምድና የሚከብድ እንጂ የሚቀልል አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የብራናውን ነገር አነሣብኝ። ሥዕሎቹን በበዓል ቀን ከሩቅ አይቷቸው ነበር።

«አበልጄ፣ መጽሐፉ ቢቃጠልስ? ቢሰረቅስ? የእኛ መሆኑን በምን ታስረዳላችሁ? ፎቶው ቢኖር ግን ምስክር ነው።»

ቃሉ መልካም መሰለኝ፤ እንዲያውም እኔ ቀድሜ ባለማሰቤ አፈርሁ። «አስተዳዳሪውን ላማክር» አልሁት። አስተዳዳሪው አረጋዊ ቄስ ነበሩ፤ በዚያ ሳምንት ወባ ጥሏቸው ተኝተዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ፎቶው ሳላነሣባቸው፣ እርሳቸው ራሳቸው ቁልፋቸውን ከመሐረባቸው ፈትተው ሰጡኝ። «ለበዓሉ አልባሳት ማውጣት ይኖርብሃልና እስክነሣ ያዝልኝ። ዕቃ ቤቱን ስትከፍት ከዲያቆናቱ አንዱን ጥራ» አሉኝ።

ዲያቆን አልጠራሁም። አበልጄ ምን ያንሳል ብዬ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሁለቱን ቁልፎች ይዤ ዕቃ ቤቱን ከፈትሁ፤ ብራናውን በልብሱ እንደ ተጠቀለለ ወደ ግቢው አወጣሁት። ወረቀቱ ብርሃን ይሻልና ውስጥ ማንሣት አይቻልም ብሎኛል። መሬት ላይ ዘርግተን እናንሣው ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«ሳጥኑ ጎንበስ አይልም፣ አበልጄ። ደረትዎ ላይ አቁመው ይያዙልኝ።»

ስለዚህ በኖራው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፤ መጽሐፉን በደረቴ ላይ ገልጬ እንደ ሕፃን ያዝሁት። ቁልፎቹን በወገቤ ይዤ መቀመጥ ስላልተመቸኝ በሳጥኑ ላይ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ አጠገብ አኖርኋቸው። እርሱ «አይተንፍሱ» ይላል፤ ክዳኑን ያነሣል፤ ጸሎቱን እርሱ በአፉ፣ እኔ በልቤ በአንድነት እናደርሳለን፤ ይከድናል። ከዚያም በጨርቁ ሥር ገብቶ እጁን በሱሪው እግር ሰድዶ ሲሠራ ይቆያል። አሥራ ሁለት ጊዜ ገለጥሁ።

በመጨረሻ «አንዲት ደግሞ ለመታሰቢያ» አለ። «ዝግ አድርገው ያሳዩኝ። ፊትዎን እንዲህ አያጨማድዱት እንጂ፤ ገዳም የሚገቡ መሰሉ! ፈገግ ይበሉ!»

ፈገግ አልሁ።

ማታ ቁልፎቹን ስመለከት በአንዱ ጥርስ መካከል ሰም ተጣብቆ አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰው ግን በሰም አይደነግጥም፤ ጧፍ የምንይዝበት እጅ ቁልፍም ይይዛል፤ ቁልፎቻችን፣ ኪሶቻችን፣ የመጽሐፎቻችን ጠርዝ ሁሉ ሰም ነው። በጥፍሬ ፍቄ ጣልሁት። ጸሎቴን አድርሼም ተኛሁ።

አስተዳዳሪው ድነው ቁልፋቸውን ተረከቡ። አበልጄ «ወረቀት አልቆብኛል፤ በሜጋ በኩል ከኬንያ የሚመጣ አለ» ብሎ ሳጥኑን በመኪና ጭኖ ሄደ፤ ልጄን ሲሰናበተው ግንባሩን ሁለት ጊዜ ሳመው። ፎቶዎቹን «ከተመለስሁ በኋላ አጥቤ አስረክብዎታለሁ» አለኝ። ሳምንታት አለፉ።

የበዓሉ ዕለት አስተዳዳሪውና እኔ በሥርዐቱ ሁለት ሆነን ዕቃ ቤቱን ከፈትን። ብራናው በቦታው በልብሱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሳነሣው ቀለለኝ። ልብሱን ስፈታው፣ በመጽሐፉ ልክ የተላገ፣ ጠርዙ እንኳ የተሞረደ ሳንቃ ነበር።

የጥድ ሽታ ሸተተኝ።

አስተዳዳሪው «ምንድን ነው ይኼ? ምንድን ነው?» እያሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ ግን ዐውቄ ነበር። አፍንጫዬ ዐውቆ ልቤ እምቢ አለ። በነገሌ ጥድ የሚልግ እርሱ ብቻ ነውን ብዬ ራሴን ተከራከርሁ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ «በሩን ያለ ሥርዐት የከፈተ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ አንገቴን ደፋሁ። ዝምታ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ይህም የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ፖሊስም መጥቶ ቃል ተቀበለ፤ ሁለት ሳምንትም ያለ ፍሬ አለፈ።

በዚያ ወራት በገበያው ጨርቅ የሚሸጡ፣ በሜጋም ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ። ከየኔታ ዘመን ጀምሮ እንተዋወቃለን። በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«አካም፣ መሪጌታ?»

«ናጋ ነው፣ ሐጂ። እንዴት ከረሙ?»

«ናጋውስ፣ ሰላሙስ፣ ፊትዎ ላይ አይታይም። ይግቡ እስቲ፣ ይቀመጡ።»

ከአቡጀዲው ጥቅል ሥር አንዲት ፎቶ አወጡና በጉልበቴ ላይ አኖሩ። እኔው ነበርሁ። በኖራው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ብራናውን በሁለት እጄ አቅርቤ፣ ጥሩ በግ ለገበያ እንዳወጣ ሰው ፈገግ ብያለሁ።

«ሜጋ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ» አሉ ሐጂ፣ «አንድ የማላውቀው ነጋዴ ለጓደኛው ሲያሳይ አየሁ። ‹የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ራሱ ነው የሸጠው፤ እነሆ ይዞት› ይላል። ዘመዴ ነው፣ ፎቶውን ስጠኝ አልሁት። ዕቃው ካለፈ ፎቶው ምን ይሠራልኛል ብሎ ወረወረልኝ።»

ፎቶውን ገልብጬ በጉልበቴ ላይ አኖርሁት።

«እኔ አንቱን ዐውቃለሁ» አሉኝ። «ይኼን ፎቶ ማን እንዳነሣው ግን ሳጥኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። ከፈለጉ ይቅደዱት። እኔ አላየሁም።»

«ዘመዴ ነው አሉት?»

«ታዲያ ምን ልበል? ክርስቲያን ነው ብዬ ብተወው ይሻል ነበር?» ፎቶውን ዳግመኛ አዩና «ፈገግታው ግን ያምርብዎታል፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም» አሉ። ሊያስቁኝ ነበር። ስላልሳቅሁ እጄን ያዙኝ።

ፎቶውን በመጽሐፌ መካከል አድርጌ ሦስት ቀን ያዝሁት። ብቀድደው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ነገር ግን በየጸሎቱ መካከል ያ ፈገግታ ይመጣብኛል። በአራተኛው ቀን ሰበካ ጉባኤው እንዲሰበሰብ ለመንሁ፤ ፎቶውንም በጠረጴዛው ላይ አኑሬ ሁሉን ተናገርሁ፤ ቁልፉን፣ ዲያቆን አለመጥራቴን፣ ሰሙን።

ከአባላቱ አንዱ ፎቶውን አንሥቶ ተመለከተ። «መሪጌታ፣ ይኼ እኮ የተታለለ ሰው ፊት አይደለም። ይኼ ገበያ የቀናው ሰው ፊት ነው» አለ።

ሌላው «የጥንቱ ሳጥን አይዋሽም» አለ።

እውነት ነው፤ ሳጥኑ አልዋሸም። መጽሐፉን ይዣለሁ፤ ከዕቃ ቤቱ ውጭ ነኝ፤ ፈገግ ብያለሁ። ያልተነሣው ያነሣው ሰው ብቻ ነው። ያን ቀን የተረዳሁት ይህን ነው፦ በፎቶ ውስጥ የሁሉ ፊት ይታያል፣ በጨርቁ ሥር ያለው ሰው ፊት ግን አይታይም።

በመጨረሻ አስተዳዳሪው በደከመ ድምፅ «ቁልፌን የሰጠሁህ ሁለት ሰው ሆነህ እንድትጠብቅ ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን አንድ ሰው እንኳ አልሆንህልኝም።»

ከጠባቂነቴ ተሻርሁ፤ ሁለት ዓመትም ማኅሌት እንዳልቆም ተወሰነብኝ። አልተከራከርሁም። በየበዓሉ ከምእመናኑ መካከል፣ ከኋላ ቆሜ፣ እኔ ያስተማርኋቸው ሲያሸበሽቡ እሰማ ነበር። አንዳንዷ እናት በአጠገቤ ስታልፍ ልጇን ወደ ራሷ ትስባለች። ልጄም «የክርስትና አባቴ መቼ ይመጣል?» ይለኛል።

እኔው ሄድሁ። በአሬሮ በኩል በጭነት መኪና ሜጋ ገባሁ። መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ከመኪና ስወርድ ከመንገዱ ማዶ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሾፌር በወንበር አስቀምጦ ያነሣ ነበር። ክዳኑን ከድኖ ቀና ሲል አየኝ።

አልሸሸም። ራሱን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ከተተ፤ እዚያም ቀረ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት «ደግሞ ልቀመጥ እንዴ?» ሲል በእጄ ምልክት ሰጥቼው ተነሣ። በወንበሩ እኔ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ የየኔታ መስተዋት ነበር፤ በፀሐይ ያበራል።

«አበልጄ» አልሁ፣ «ውጣ።»

«አልችልም» አለኝ በጨርቁ ሥር።

«መጽሐፉስ?»

«ድንበር ተሻግሯል።»

«ሁለቱንም ቁልፍ በሰም ቀረጽህ። ይሁን፤ ሌባ ይሰርቃል። እኔን ለምን አነሣኸኝ?»

«ገዢው መጽሐፉን ብቻ አይቼ አላምንም አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ይዞት ካላየሁ የተሰረቀ ነው እላለሁ፣ አልነካም አለ።»

«ስለዚህ ፈገግ በሉ አልኸኝ።»

ጨርቁ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይተነፍሳል ወይም ያለቅሳል፤ ማወቅ አልቻልሁም። መስተዋቱን ነቅዬ ለመውሰድ እጄን ሰነዘርሁ፤ ዳሩ ግን በነሐሱ ክፈፍ ላይ የጣቱን አሻራ ሳይ ተውሁት። «ተገልብጬ እየታየሁህ ነው አይደል?» አልሁት። «እንዲያ እንደ ሆንሁ እየኝ፤ ያደረግኸኝ እንዲያ ነው።» ተነሥቼ ሄድሁ። ሲከተለኝ የሰማሁት ኮቴ አልነበረም።

እነሆ አሁን ሳጥኑ መጣ። ሾፌሩ እንደ ነገረኝ፣ በሜጋ አርጅቶ እዚያው ሞቷል። የመቃብሩን ወጪ የመንደሩ ሰዎች አዋጥተው ቀበሩት። ዓይኑ እስከ መጨረሻው ቀን ደህና ነበር፤ እግዚአብሔር እንደ እኛ አይቸኩልም። ሊሞት ሲል «ለአበልጄ ስጡልኝ» ብሎ ሳጥኑን አሳየ እንጂ ሌላ ቃል አልላከም። ይቅርታ የሚል ቃል ይኖር እንደ ሆነ ሾፌሩን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። የለም አለኝ።

ሳጥኑን ከልጄ ጋር ከፈትነው። የየኔታ መስተዋት በቦታው አለ። ከሥር፣ በወታደር ሱሪ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ አሥራ ሦስት ኔጋቲቮች ነበሩ። አሥራ ሁለቱ የብራናው ገጾች ናቸው፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ሜዳ ላይ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። አሥራ ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ፊቴ ከሰል፣ ጥርሴም ጥቁር። አንዳቸውም አልደበዘዙም። በመድኃኒቱ በሚገባ አጽንቷቸዋል፤ ለሚሸጠው ነገር እንዲህ አይጠነቀቅም ነበር፤ የመታወቂያ ፎቶዎቹ በዓመቱ ቢጫ ይሆኑ ነበርና።

ከዚያ መጽሐፍ በዚህ ምድር ለደብራችን የቀረው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ በስተርጅና ብራና ገዛሁ፤ መቃ ቀረጽሁ። ጠዋት ጠዋት ኔጋቲቩን በመስኮቱ ዘንድ በመልክ ማያ መስታወት ፊት አቆማለሁ፤ የተገለበጠው ይቀናል፤ በየኔታም መስተዋት እያጎላሁ እገለብጣለሁ። አንድ ነገር ግን ሳጥኑ ሊነግረኝ አልቻለም። የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ደግሞ ቀይን ከጥቁር አይለይም። የትኛው ቃል በቀይ እንደ ነበረ ከልቤ ማውጣት አለብኝ። ከሌባው ጥቁሩን፣ ከእኔ ቀዩን እያዋጣን እንጽፋለን።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይመለከተኝ ነበር። አሁን በወደራ መምህር ነው። «አባቴ» አለኝ፣ «ፍትሐት ተደርጎለታል?»

«በማያውቁት ስም ማን ይፈታዋል?» አልሁት።

«ስሙን የሚያውቅ የለም?»

መቃዬን ቀለም ነከርሁ። ያጠመቁት ካህን ከሞቱ ቆይተዋል። ስሙ በእኔ አፍ ብቻ ነው የቀረው። ካላወጣሁት አንድም ካህን አያነሣውም፤ ማኅሌት ያስከለከለኝ ሰው፣ ያለ ስም፣ ያለ ጸሎት ይቀራል። በዚህ ደስ ያለኝ ሰዓት መኖሩን አልደብቅም። ሌባ የእኔን ፊት ሸጠ፤ እኔም ስሙን ቆልፌ ያዝሁበት፤ ይህ ቁልፍ ሁለተኛ ጠባቂ የለውም።

በዚያ ማለዳ ጸሎቴን ሳደርስ ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ። እርሱ ያን ያህል ዓመት አቡነ ዘበሰማያትን በየቀኑ ሲደግም፣ በሳጥኑ ፊት ከ«መንግሥትከ» አልፎ አያውቅም፤ ብርሃኑ ይበቃዋል። በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔስ? እኔ ሁልጊዜ እስከ ፍጻሜው አደርሳለሁ፤ ነገር ግን ከሜጋ ከተመለስሁ ጀምሮ እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄን አፈጥናለሁ። ሁለታችንም አንዱን ቃል ዘልለነዋል።

ወደ ደብሩ ሄድሁ። ለአሁኑ አስተዳዳሪ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «ዘመድዎ ናቸው?» አሉኝ።

«አበልጄ ነው» አልሁ።

ይቅር ብየዋለሁ ብዬ ብጽፍ በየኔታ መስተዋት ማታለል ይሆንብኛል። ስሙን ሰጥቻለሁ፤ የቀረውን ገና አልቻልሁም። አምስተኛውን ገጽ ጨርሻለሁ፤ ሰባት ይቀሩኛል፤ ምናልባት እስከዚያ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በደጅህ የሚገባውን እግር፣ በማዕድህ የሚዘረጋውን እጅ እግዚአብሔር ይባርክልህ። ያመንኸው አይካድህ፤ ያመነህንም አትካድ። ልጆችህ በክርስትና ስማቸው የሚጠራቸው አይጡ፤ ቤትህን የሚጠብቀው መልአክም ቁልፉን ለማንም አያውስ። አሜን።